ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አልቀረበም

የመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ከማለዳ ጀምሮ ሲያስለው ቆይቶ ረፋዱ ላይ ጭራሹን ዝም አለ። የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር የያዘው ጸሐፊ ወንበር ላይ ወጥቶ ስም ሊጠራ ሞከረ፤ ድምፁ ግን ከአፍንጫው አላልፍ አለ። ከነሻንጣው ከነጆንያው የተፋፈገው ሕዝብ «ማን አለ? ማንን ጠራ?» እየተባባለ ይጋፋል። አንዲት እናት ስሟ የተጠራ መስሏት የማታውቀው አውቶቡስ ውስጥ ገብታ፣ መውጫው በሰው ሲዘጋባት «በመስኮት አውርዱኝ!» ትላለች።

አንዲት አዋላጅ ነርስ ወደ አዲሱ የሥራ ቦታዋ የሚሄደውን አውቶቡስ እየጠበቀች ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ፣ ጉልበቱ ላይ የፕላስቲክ አቃፊ ያስቀመጠ፣ መላጣ፣ ትንሽዬ ሽማግሌ አለ። ሽማግሌው ግርግሩን ትንሽ ታግሦ አየና አቃፊውን ሰጣት።

«ልጄ፣ ይቺን ያዥልኝ። ከእጅሽ እንዳትወጣ።»

ከዚያ ሰው እየሰነጠቀ ሄዶ ጸሐፊውን «ውረድ፤ አምጣው» አለው። ወንበሩ ላይ ሲወጣ እንኳ ከቆሙት ሰዎች ብዙም አልበለጠም። ጉሮሮውን ጠረገና የመጀመሪያውን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ጠራ።

መናኸሪያው ቀጥ አለ። ከዚያ ትንሽ ደረት ያ ድምፅ እንዴት እንደወጣ እግዜር ይወቅ። የተጠራው ሰውዬ፣ ወፍራም ነጋዴ ነው፣ ባርኔጣውን አውልቆ «አቤት ጌታዬ፣ አለሁ!» ብሎ ተነሣ። ቀጥላ የተጠራችው ሴት ቀኝ እጇን አነሣች። «እመቤት፣ ሳንቲም የሚያህል ቲኬት ለመያዝ መማል አያስፈልግም» ሲል አንዱ ተረበኛ፣ ሕዝቡ ሳቀ። ግን ሲጠራ የሚቀልድ አልነበረም፤ ሁሉም በተራው እንደ ተከሳሽ ብድግ እያለ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሦስት አውቶቡሶች ሞሉ።

ሽማግሌው ዝርዝሩን አጥፎ ለጸሐፊው መለሰ። ከወንበሩ ግን አልወረደም። አንድ ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ጠራ፤ ዝም ብሎ ጠበቀ። ያንኑ ስም ደገመው፤ ጠበቀ። በሦስተኛው ጊዜ የወረቀት ስሙን ትቶ፣ ድምፁን ለጥጦ፣

«ፌንጣ! ፌንጣዬ!» አለ።

«ፌንጣ የሚባል ተሳፋሪ ካለ ዘሎ ይግባ!» አለ ያ ተረበኛ። ሰዉ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ወርዶ ወደ ቦታው ተመለሰና አቃፊውን ከአዋላጇ ተቀበለ።

«አባባ፣ ወታደር ነበሩ እንዴ?» አለችው።

«ኧረ ምን በወጣኝ! ጠመንጃ አይቼ የምደነግጥ ሰው። የችሎት ጠሪ ነበርኩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት።»

«የመጨረሻው ስም ግን ዝርዝሩ ላይ አልነበረም።»

ዞር ብሎ አያት። «በምን አወቅሽ?»

«እኔም ስም ስጠራ ነው የምውለው፤ የእናቶችን። ወረቀቱን አጥፈው ከሰጡት በኋላ ነው የጠሩት።»

ሽማግሌው ፈገግ አለ። የሱ አውቶቡስ ጎማ እየተቀየረለት ነበር፤ ሾፌሩ ከሥሩ ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ጊዜ ነበራቸው።

ሰፈሩ በሙሉ ሽማግሌውን የሚያውቀው «ነጎድጓድ» በሚለው ስሙ ነው። በልጅነቱ ቁመቱ አልጨምር ሲል እናቱ «ለዚህ ልጅ እግዜር ቁመቱን ጉሮሮው ላይ ጨመረለት» ትል ነበር። ፍርድ ቤት የተቀጠረውም በዚሁ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ዳኛው መዝገቡን ሲያነሡ በር ላይ ወጥቶ ባለጉዳዩን ሦስት ጊዜ መጥራት። ከመጣ ማስገባት፤ ካልመጣ ተመልሶ «ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አልቀረበም» ማለት። ዳኛው ያንኑ ይጽፋሉ፤ የጠሪው ቃል መሐላ ነው፤ ማንም አይመረምረውም።

የነጎድጓድ ድምፅ ኮሪደሩን አልፎ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ አጥር ዘሎ ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር። ሽንኩርት ሻጮቹ «ዛሬ ደግሞ የማን ልጅ ተከሰሰ?» የሚሉት ከሱ እየሰሙ ነው። የቀጠሮ ቀን የጠፋበት ሰው ገበያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስሙን ይጠብቃል ይባል ነበር።

በዚያን ጊዜ ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም ዳኛውም የሚላኩት ከዋናው ከተማ ነው። ክልሉ መንገድ ይጠግናል፣ ትምህርት ቤት ይከፍታል፣ ሰው መያዝና መፍረድ ግን የማዕከሉ ነበር። የሚመጣው ዳኛ የከተማውን መንገድ ሳያውቅ ሁለት ዓመት ያህል ፈርዶ ይሄዳል። ይግባኝ ያለ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ይጓዛል፤ አድሮ ይቀርባል፤ «ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ «ፖሊሱም ፍርዱም ለክልላችን ይሰጥ» የሚለው ጥያቄ በየሻይ ቤቱ ይነሣል፣ ይወድቃል። ደግሞ የሚፈራም ነበር፤ «የኛው ልጅ ዳኛ ሆኖ የአክስቱ ልጅ ቢከሰስ ምን ሊያደርግ ነው?» የሚል። ነጎድጓድ ከየትኛውም ወገን አልነበረም። እሱ የሁሉንም ስም እኩል ነበር የሚጠራው።

ታናሽ ወንድሙ ግን ወገን ነበረው።

እናታቸው ካረፈች በኋላ ሁለቱን ወንድማማቾች ያሳደገቻቸው ታላቅ እህታቸው ናት፤ እታለም ይሏታል። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤቷ ከገበያው ማዶ ነው። የመጨረሻው ልጅ ረጅም፣ ቀጭን፣ እግራም ስለነበረ ፌንጣ ተባለ። አጥር እንጂ በር አያውቅም። አድጎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ ሆነ፤ የከተማው ፀጉር ቤትና ፋርማሲ ሁሉ በሱ እጅ የተጻፈ ነበር። ፊደል ሲጽፍ የ«ሰ» ቤትን ቀኝ እግር ወደ ውጭ እጥፍ ያደርገዋል፤ ሊዘል የተዘጋጀ ነገር ያስመስለዋል። «ስም ፈርመህ መሄድ አትችልም ወይ?» ሲሉት «ፈረምኩ እኮ» ይላል።

በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መሰላሉንና የቀለም ቆርቆሮውን ይዞ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆመ። ዘቦቹ ከላይ የታዘዘ ሥራ መሰላቸው። እንዲያውም አንደኛው መሰላሉን ያዘለት፤ «ቀስ እያልክ፣ እንዳትወድቅ» ብሎታል። ፌንጣ «ማዕከላዊ» የሚለውን ቃል በነጭ ቀለም አጥፍቶ በቦታው «የኛ» ብሎ ጻፈ። «የኛ ፖሊስ ጣቢያ።» ከዚያ ወርዶ ዘቡን አመስግኖ፣ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። ከተማው ለአንድ ሳምንት ሲስቅ ከረመ። ያ መሰላል የያዘው ዘብ ግን አልሳቀም፤ በሦስተኛው ቀን ፌንጣን ይዞ ያስገባው እሱው ነው።

በዚያው ሰሞን በተደረገ ሰልፍ የተያዙ ሌሎች ልጆችም ነበሩ። ፌንጣ በዋስ ወጣና ቀጠሮ ተሰጠው።

የቀጠሮው ቀን ነጎድጓድ ሥራ ላይ ነበር። ዳኛው ጥርሳቸውን አሟቸው ጉንጫቸው አብጧል። ከወንድሙ በፊት ሁለት ልጆች ቀረቡ፤ ሁለቱም ሦስት ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። የአንደኛው እናት ኮሪደሩ ላይ ወደቀች። ሦስተኛው መዝገብ ተነሣ፤ የወንድሙ።

ነጎድጓድ ዳኛውን ሁለት ዓመት አብሯቸው ሠርቷል፤ ጠባያቸውን እንደ ኪሱ ያውቃል። ያልቀረበ ሰው ሲኖር ሌላ ቀጠሮ መስጠት ልማዳቸው ነው። ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ተዛውረው እንደሚሄዱ ሰምቷል። ዛሬን ብቻ ልጁ ቢያመልጥ፣ ቀጠሮው ተሻግሮ ሌላ ዳኛ፣ ጥርሱን የማያመው ዳኛ እጅ ይገባል። ከዚህ የሚቀል ሒሳብ የለም።

በር ላይ ወጣ። ወንድሙ ግቢው መጨረሻ፣ ከውኃ ታንከሩ ጥላ ሥር፣ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ እታለም የሰፋችለት ነው። ነጎድጓድ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያን ቀን ብቻ፣ ለበሩ ምሥጢር እንደሚነግር ሰው አድርጎ ሦስት ጊዜ ጠራ።

በር ላይ የቆመው ፖሊስ «ምነው ነጎድጓድ፣ ጉንፋን ያዘህ?» አለው።

«አዎ» አለና ገባ። «ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አልቀረበም።»

ዳኛው ብዕራቸውን አንሥተው ጉንጫቸውን በሌላው እጃቸው ያዙ። ሌላ ቀጠሮ አልሰጡም። «ተይዞ ይቅረብ» ብለው ጻፉ።

ትእዛዙን የያዘው ፖሊስ ወደ ግቢው ሲወጣ አንድ የሚያውቀው ሰው ቀድሞ ሮጦ ለፌንጣ ነገረው፤ «ተጠርተህ ቀርተሃል፣ ሊይዙህ ነው!» ልጁ መጀመሪያ ወደ ችሎቱ በር አየ፤ ነጎድጓድ ቆሞ ነበር፤ ዐይን ለዐይን ተያዩ። ከዚያ አጥሩን ዘለለ። ቀኑ ሳይመሽ በአንድ ጭነት መኪና ከተማውን ለቀቀ። ሾፌሩ ከሳምንት በኋላ ለእታለም መልእክት አደረሰ፤ አንድ መስመር እንኳ አይሞላም ነበር። «ወንድሜን፣ ድምፅህ የት ገባ በይልኝ ብሏል።»

እታለም መልእክቱን ስትነግረው ነጎድጓድ «ግቢው ተንጫጭቶ ነበር» አላት።

ሁለት ወር ሳይሞላ የሰልፉም የሰሌዳውም ክስ በሙሉ በምሕረት ተነሣ። እነዚያ ሦስት ዓመት የተፈረደባቸው ልጆች እንኳ ወጡ፤ አንደኛው ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው፣ ገበያ ውስጥ ሚስማር ይሸጣል። ምሕረቱ የሚለው ግን «በእጅ ያሉ ተከሳሾች» ነበር። የሸሸ ሰው አይመለከተውም።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ነጎድጓድ የሰው ስም ሲጠራ ኖረ። አቤት የሚል ሁሉ ይገባል፤ ሲገባ ነጎድጓድ የሚያየው ግን የወንድሙን ፊት አይደለም። ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦውንና ሻዩን ይዞ ውኃ ታንከሩ ሥር ይቀመጣል። «ጥላ ወዳድ ሆነሃል» ይሉታል። ከዚያ ሆኖ በሩን ያያል፤ ርቀቱን ይለካል። ሰባ ሁለት ርምጃ። ከሹክሹክታ በቀር ማንኛውም ድምፅ የሚደርስበት ርቀት ነው።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ያ የተጓተተው ጥያቄ መልስ አገኘ። ስምምነቱ ተፈረመ፤ ከአዲሱ ወር መባቻ ጀምሮ ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም ፍርድ ቤቱም ለክልሉ መንግሥት እንደሚተላለፍ ተነገረ። ሰው በየመንገዱ ተቃቀፈ። ፖሊሶቹ የቆብ ምልክት ሊቀይሩ ተሰለፉ። አንደኛው፣ ነጎድጓድን «ጉንፋን ያዘህ?» ያለው ያ ፖሊስ ነው፣ አርጅቷል፣ «ትናንት የማዕከል ነበርኩ፣ ዛሬ ያገር ልጅ ሆንኩ፤ እግሬን የሚልጠኝ ጫማ ግን ያው ነው» እያለ ያሥቃል።

ነጎድጓድ ፖሊስ ጣቢያው አጠገብ ቆሞ አዲሱ ሰሌዳ ሲሰቀል አየ። የክልሉ ስም በትልቁ ተጽፎበታል። ፊደሎቹ ግን ጠጥተው የወጡ ይመስላሉ፤ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ያዘነብላል። «ይህን የሚጽፍ ልጅ ነበረን እኮ» አለ ለማንም ሳይሆን።

ርክክብ ሲባል መዝገብም አለው። ከማዕከል መመሪያ መጣ፤ ክልሉ የሚረከበው ሕይወት ያለውን መዝገብ ብቻ ነው። ለዓመታት እንቅስቃሴ የሌለው መዝገብ የመጨረሻ ጥሪ ይደረግለት፤ ባለጉዳዩ ወይም ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቀርቦ «ይተላለፍልኝ» ካለ ከሕያዋኑ ጋር ይሂድ፤ ካልቀረበ ተዘግቶ ወደ ዋናው ከተማ ግምጃ ቤት ይጫን። እንዲህ ያሉ መዝገቦች አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ሆኑ። ጠሪው አንድ ነው።

ለዐሥራ ሦስት ቀን ነጎድጓድ የማይመልሱ ሰዎችን ሲጠራ ዋለ። የሞተ፣ የተሰደደ፣ የታረቀ፣ ክሱን ራሱ የረሳ። ኮሪደሩ ባዶ ነው፤ የገዛ ድምፁ ከግድግዳው እየተመለሰ ይመጣበታል። ማታ ማር በሙቅ ውኃ እየጠጣ ቢያድርም ጉሮሮው ቀን በቀን እንደ ዛገ ማጠፊያ ሆነ። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ሬጅስትራር፣ የዚያው ከተማ ልጅ፣ ቆፍጣና ወጣት ናት፣ «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፤ ከነዚህ ውስጥ አቤት የሚል ያለ መሰለዎት?» ትለዋለች። እሱ ግን እያንዳንዱን ስም ገበያ ድረስ ይልካል።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን የነገውን ክምር አየ፤ የወንድሙ መዝገብ ያለበት ሰማያዊ አቃፊ ከላይ አራተኛ ነበር።

«የወንድሜ ነው» አላት። «አቤት ልበልለት?»

ሬጅስትራሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ጠሪም ተጠሪም አንድ ሰው መሆን አይችልም። ሌላ የቤተሰብ ሰው ይምጣ። አንድ ሰው ይበቃኛል።»

ከሥራ እንደወጣ ወደ እታለም ሄደ። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነበር፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰሞን ነው፤ ወገቧ ድረስ በሰማያዊ ጨርቅ ተከባለች።

«እታለም፣ ነገ የልጁ ተራ ነው።»

እግሯን አላቆመችም። «የምን ተራ?»

ነገራት። መዝገቡ ከሞተ የመያዣ ትእዛዙ አብሮት ዋናው ከተማ እንደሚቀበር፣ እዚህ ያለ ማንም ዳኛ ሊያነሣው እንደማይችል፣ ልጁ ዕድሜውን በሙሉ ተፈላጊ ሆኖ እንደሚቀር። ከተላለፈ ግን አዲሱ ዳኛ ሊያየው እንደሚችል።

«መጥቼ ምን ልበል? ያለበትን አላውቅ፣ መኖሩን አላውቅ።»

«አቤት በይ። ሌላ አይጠይቁሽም።»

መኪናው ተክ ተክ ይላል። ድንገት፣ ቀና ሳትል፣ «ያን ቀን ጮኸህ ጠርተኸው ነበር?» አለችው።

ነጎድጓድ በር ላይ ቆሞ ቀረ።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አልጠየቅሁህም» አለች። «ግቢው ተንጫጭቶ ነበር አልከኝ። እሺ አልኩ። ግን እኔ እዚህ፣ ከገበያ ማዶ፣ መኪናዬ እየጮኸ የሰው ሁሉ ስም ሲሰማኝ፣ ልጁ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብሎ እንዴት ሳይሰማ ቀረ እያልኩ ነው የኖርኩት።»

«አልጮህኩም» አለ።

መኪናው ቆመ።

«ሆን ብለህ?»

«ሆን ብዬ። ቀጠሮ ይቀየርለታል ብዬ። ላድነው ብዬ፣ እታለም።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።» መቀሷን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች። «ከነዚያ ልጆች ጋር ታስሮ በሁለት ወር ይወጣ ነበር። ሁለት ወር! ስንቅ እወስድለት ነበር። ፊቱን አየው ነበር።»

«ነገ እጮሃለሁ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

ልሂድ ብሎ ሲዞር ከኋላው ጠራችው።

«ስማ። ነገ አራት ሰዓት ላይ መኪናዬን አቆማለሁ። እዚሁ ወንበሬ ላይ ሆኜ አዳምጣለሁ። ያኔ የነፈግኸውን ድምፅ ነገ ስጠው። እዚህ ከደረሰ እመጣለሁ። ካልደረሰ አልመጣም፤ መዝገቡም ይሙት፤ አንተም እህት የለህም።»

በማግስቱ አራት ሰዓት ሆነ። ሰማያዊው አቃፊ ተከፈተ። ሬጅስትራሯ በዐይኗ ምልክት ሰጠችው።

በሩ ላይ ወጥቶ የወንድሙን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ጠራ። የአባቱ ስም ላይ ሲደርስ ጉሮሮው ተሰነጠቀ፤ የአያቱ ስም ነፋስ ብቻ ሆኖ ወጣ። ኮሪደሩን እንኳ አልጨረሰም። የገበያው ጫጫታ ከማዶ ይሰማል፤ አንዱ «ቲማቲም!» እያለ ይጮሃል።

ሁለተኛውን ጠራ። ይህ ትንሽ ተሻለ፤ ግቢው ውስጥ ያሉ ሰዎች ዞር አሉ። ጠበቀ። ማንም የለም።

«ጋሼ፣ ሦስተኛውን» አለች ሬጅስትራሯ በቀስታ። ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አሳርፋለች።

ደንቡ በር ላይ ሆኖ ይጠራ ነው የሚለው። ነጎድጓድ ግን ደረጃውን ወረደ። ግቢውን አቋርጦ፣ ሰባ ሁለቱን ርምጃ ተራምዶ፣ ውኃ ታንከሩ ጋ ቆመ። ፊቱን ወደ ገበያው አዞረ። የወረቀት ስሙ ጉሮሮውን ጨርሶበታል። በልጅነታቸው ሲመሽ፣ እናታቸው ደጃፍ ላይ ወጥታ ፌንጣን ከየሰው አጥር ላይ የምታወርድበት አጠራር ነው የመጣለት።

«ፌንጣ! ፌንጣዬ! ና ወደ ቤት!»

ድምፁ አጥሩን አለፈ። ቲማቲም ሻጩ ዝም አለ። ሚስማር የሚሸጠው ያ ሰውዬ፣ ሦስት ዓመት ተፈርዶበት የነበረው፣ ማን እንደተጠራ ገብቶት ከወንበሩ ተነሣ። ለትንሽ ጊዜ ከተማው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

«አቤት!»

ከግቢው በር ነው። እታለም ቆማለች፤ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ፣ ልብሷ ላይ ሰማያዊ ክር። እየሮጠች አልነበረም። ለካ ቤቷ ቁጭ ብላ ማዳመጥ አልቻለችም፤ ጎረቤቷን ወንበሯ ላይ አስቀምጣ «አንቺ አዳምጪልኝ» ብላ፣ እሷ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ በሩ ሥር ቆማ ነበር። «የመጀመሪያው እዚሁ አጠገቤ እንኳ አልደረሰም» አለችው በኋላ። «ያኔ ልሄድ ነበር።»

እታለም ሬጅስትራሯ ፊት ቀርባ፣ «እህቱ ነኝ። ሞተ ብሎ የነገረኝ የለም። ይተላለፍልኝ» አለች።

ሬጅስትራሯ ጻፈች፤ «ተጠርቶ፣ ከቤተሰቡ መልስ ተሰጥቷል።» ከአራት መቶ ዐሥራ ሁለቱ ዐሥራ አንድ መዝገብ ብቻ ሕያው ሆኖ ተሻገረ። ጎረቤቷም ያን ቀን ከሰዓት «ድምፁ መኪናውን እስከ መርፌው ድረስ ነዘረው» እያለች ስታወራ ዋለች። እታለም ወንድሟን ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አላናገረችውም፤ ግን በየቀኑ ምሳ ትልክለት ነበር።

«ከዚያስ?» አለች አዋላጇ።

ከዚያማ ርክክቡ ተደረገ። አዲሱ ፍርድ ቤት የተቀዳ የሴት ድምፅ ያለው ማጉያ ገባለት፤ ጥሩ ድምፅ ናት፣ ግን የማንንም አባት አታውቅም። ነጎድጓድ ጡረታ ወጣ። አዲሱ ዳኛ፣ የከተማው ልጅ፣ መዝገቡን አዩ፤ በፌንጣ ሰሌዳ ከሳቁት ሰዎች አንዱ ናቸው፣ ያኔ ተማሪ ነበሩ። ግን «ፍርድ ያው ፍርድ ነው፤ የወደድኩትን ሁሉ አልፈታም» አሉ። ተከሳሹ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በፈቃዱ ከቀረበ እንዳይያዝ አዘዙ፤ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል፤ የመያዣ ትእዛዙ ግን እንዳለ ይቀራል።

ሽማግሌው አቃፊውን ከፈተ። ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ፎቶ ነበር። ፎቶው የሰው አይደለም፤ የአንድ ሱቅ ሰሌዳ ነው። «የወንዶች ልብስ ስፌት» ይላል።

«አንድ ሾፌር ነው ያነሣልኝ። ከዚህ የሰባት ሰዓት መንገድ ነው አለኝ። እግሩን አየሽው?»

አዋላጇ ጠጋ ብላ አየች። የፊደሉ ቀኝ እግር ወደ ውጭ ታጥፏል። ቀለሙ አርጅቷል፤ የዛሬ ዐሥር ዓመት የተጻፈም ሊሆን ይችላል። እሱም ሐሳቧን ከፊቷ አነበበ።

«አውቃለሁ። ቀለሙ የቆየ ነው። ግን አንድ ቀን እዚያ መሰላል ላይ ቆሞ ነበር። አራት ወር ቀርቶኛል፤ በየመናኸሪያው እጠራዋለሁ። ማጉያ የተበላሸበት መናኸሪያ ደግሞ አላጣም፤ እግዜር ይስጣቸው።»

ሾፌሩ ከአውቶቡሱ ሥር ወጥቶ እጁን ጠረገ። ጸሐፊው «ጋሼ፣ ይግቡ፣ የእርስዎን ስም እንደርስዎ አድርጎ ማንም ሊጠራው አይችልም!» ብሎ ጮኸ፤ በሠላሳ ሰው ጫጫታ መሀል እንደምንም ተሰማ።

አዋላጇ ቦርሳውን ይዛለት እስከ በሩ ሸኘችው። መስኮቱ አጠገብ ሲቀመጥ ከውጭ ሆና፣ «አባባ፣ እኔ ብዙ አገር ነው የምዞረው። አንድ ቀን አንድ እግረ ረጅም ሰውዬ፣ ጥፍሩ ሥር ቀለም ያለበት፣ ባገኝ ምን ልበለው? ዳኛው ምሮሃል ልበለው?» አለችው።

አውቶቡሱ ተነሣ። ሽማግሌው መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን አወጣ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው፤ እሷ ግን ከሞተሩ ጩኸት በላይ ሰማችው።

«የዳኛውን ወረቀት እኔ እሰጠዋለሁ። አንቺ ይህን ብቻ ንገሪልኝ፤ ያን ቀን ጥፋቱ የጆሮው አልነበረም። ውኃ ታንከሩ ድረስ የሚደርስ ድምፅ ነበረኝ፤ እኔ ነኝ ያልላክሁለት። አሁን ልኬልሃለሁ ብሎሃል በይው።»